ቀሪ ሂሳቡ ለምን ማይነስ ይገባል?

ጥያቄው የመጣው አዳማ ካለ ወጣት ፕሮግራመር ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ 60 ክፍል ባለው የኪራይ ግቢ ውስጥ በቅድመ ክፍያ የሚሠራ ዋይፋይ ዘርግቻለሁ። ራውተሩ ማይክሮቲክ ነው፤ ከኋላው ፍሪራዲየስ (ማን ገባ፣ ስንት ተጠቀመ የሚለውን የሚቀበል ሰርቨር) እና ፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) አሉ። እያንዳንዱ ስልክ እስከ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ያገኛል። ዋጋው ለአንድ ሜጋባይት 10 ሳንቲም ነው። ራውተሩ በየ5 ደቂቃው ፍጆታውን ይልክልኛል፣ እኔም ከቀሪ ሂሳባቸው ላይ እቀንሳለሁ። ግን ሰዎች ማይነስ እየገቡብኝ ተቸገርኩ። አንዱ ማይነስ 37 ብር ገባ፣ አንዷ ደግሞ ማይነስ 71። ቴሌኮሞቹ ያን ሁሉ ሚሊዮን ደንበኛ ይዘው እንዴት ነው ልክ ሲያልቅ የሚቆርጡት? ማይነስ የገቡትንስ ምን ላድርጋቸው?»

ወንድሜ፣ ከ37 ብሩ እንነሳ፤ ያ ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል።

10 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት በ5 ደቂቃ 3,000 ሜጋቢት ነው። ለ8 ስታካፍለው 375 ሜጋባይት ይሆናል። በ10 ሳንቲም ሲባዛ 37 ብር ከ50። ሰውዬው ሂሳቡ ሊያልቅ ጥቂት ሳንቲም ሲቀረው አንድ ሪፖርት ደረሰህ። የሚቀጥለው እስኪመጣ ድረስ 5 ደቂቃ ሙሉ ማንም አላየውም። በሙሉ ፍጥነት አወረደ፣ 37 ብር ማይነስ ገባ። ማይነስ 71 የገባችው ደግሞ በእርግጠኝነት በአንድ አካውንት ሁለት ስልክ ይዛለች። ሁለት ጊዜ 37 ከ50 ማለት 75 ብር ነው፤ እሷ ትንሽ ሳይሞላላት ቀርቶ ነው። (ዋጋህም ወደድ ብሏል፤ እሱ ግን የሌላ ቀን ጨዋታ ነው።)

ስለዚህ ሶፍትዌርህ አልተበላሸም። የጻፍከውን ነው በትክክል የሚሠራው። የጻፍከው ግን ድህረ ክፍያ ነው፤ ስሙን ብቻ ቅድመ ክፍያ አልከው። መጀመሪያ ይጠቀማሉ፣ ከዚያ ትቆጥራለህ፣ ከዚያ ትቀንሳለህ። 5 ደቂቃውን ወደ 1 ደቂቃ ብታወርደው ማይነሱ ከ37 ወደ 7 ብር ተኩል ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም። ደግሞም ራውተሩና ሰርቨርህ የሚነጋገሩበት የራዲየስ ደንብ ይህ ክፍተት ከ60 ሰከንድ እንዳያንስ ይከለክላል፤ ከ10 ደቂቃ ባያንስ ይመረጣል ብሎም ይመክራል።

ቴሌኮሞቹ በፍጥነት ስለሚቆጥሩ አይደለም የሚበልጡህ። ሳይሰጡ በፊት ስለሚይዙ ነው።

ሚኒባስ ስትሳፈር አስብ። ሂሳብህ 15 ብር ሆኖ ለረዳቱ 50 ብር ሰጠኸው። መልስህን ወዲያው አልሰጠህም፤ «ቆይ ስትወርድ» አለህ። በዚያ መሐል 35 ብሩ ኪስህ ውስጥ የለም። የረዳቱም አይደለም። ተይዟል። መንገድ ላይ ሱቅ ቢያጋጥምህ በእሱ ብር መግዛት አትችልም። ስትወርድ መልስህን ትቀበላለህ። በቅጽበት የሚያስከፍል ሲስተም ሥራው በሙሉ ይኸው ነው፤ ብር ይይዛል፣ መልስ ይሰጣል። የእኛ ሲስተም ከረዳቱ የሚለየው መልሱን የማይረሳ መሆኑ ላይ ነው። ወይም መርሳት የለበትም እንበል።

በአንተ ዋጋ ላሳይህ። ደንበኛዋ 50 ብር አላት። አንደኛው ስልኳ ኢንተርኔት ሲከፍት ሲስተሙ 100 ሜጋ ይፈቅድለትና 10 ብር ይይዛል። ነጻ የቀረው 40 ነው። ሁለተኛው ስልክ ሲመጣ ሌላ 10 ብር ይያዝበታል፤ ነጻ 30። አንደኛው 100 ሜጋውን ጨረሰና «ጨምርልኝ» አለ። የተያዘው 10 ብር አሁን በእርግጥ ይቀነሳል፣ ሌላ 10 ይያዛል፤ ነጻ 20። ከዚያ 30 ሜጋ ተጠቅሞ ወጣ። 3 ብር ይቀነሳል፣ 7 ብር መልስ ይመለሳል። አሁን ሂሳቧ 37 ነው፣ 10 በሁለተኛው ስልክ ተይዟል፣ ነጻ 27። በዚህ ሁሉ መሐል ማይነስ የሚገባበት ቀዳዳ የለም፤ ምክንያቱም ያልተያዘ ብር ላይ አንድም ባይት አልተፈቀደም።

ነጻው 4 ብር ብቻ ሲሆን ደግሞ 40 ሜጋ ይፈቀዳል፣ «ይህ የመጨረሻው ነው» የሚል ምልክት ታክሎበት። ኔትወርኩ ይህን ምልክት ሲያይ 40ው ሲያልቅ ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ያውቃል። ወይ ይቆርጣል፣ ወይ ወደ ሂሳብ መሙያ ገጽ ይመራል፣ ወይ የተወሰኑ አድራሻዎችን ብቻ ክፍት ይተዋል። ሁለተኛው ለአንተ ይሻልሃል። ሰው ዝም ብሎ ከሚቋረጥበት «ሂሳብዎ አልቋል» የሚል ገጽ ቢያይ ስልክህም እፎይ ይላል።

ይህ ንግግር በቴሌኮም ዓለም መደበኛ ቋንቋ አለው። ዳያሜተር ይባላል። ስሙ የኢንጂነሮች ቀልድ ነው፤ ዲያሜትር የራዲየስ እጥፍ ነውና ከራዲየስ እንበልጣለን ለማለት ነው። ቀሪ ሂሳብ የሚቆጣጠረው ክፍል በ2005 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 4006 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡበት ሰነድ ነው) ሆኖ ወጣ፣ በ2019 በአርኤፍሲ 8506 ታደሰ። መልእክቶቹ ጥቂት ናቸው፦ መጀመሪያ፣ ማደሻ፣ ማብቂያ፣ እና እንደ ኤስኤምኤስ በአንዴ ለሚያልቅ ነገር የሚሆን አንድ ነጠላ መልእክት። በ5ጂ ዳያሜተሩ ቀርቶ ነገሩ ድረ ገጾች በሚሄዱበት በኤችቲቲፒ ሆኗል። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ ያዝ፣ ፍቀድ፣ ቁጠር፣ መልስ።

ከዳታ በፊትም ቢሆን በድምፅ ጥሪ እንዲሁ ነበር። ካሜል በሚባለው ደንብ ሂሳብ የሚይዘው ሲስተም ጥሪውን ለሚያገናኘው ስዊች «ይህን ያህል ሰከንድ ፍቀድለት» ይለዋል። ሊቋረጥ 30 ሰከንድ ሲቀረው ጆሮህ ላይ «ጢጥ» የምትለው ድምፅ በዚያ ደንብ ውስጥ የተጻፈች ናት። ስንቱ «ቆይ ካርዴ ሊያልቅ ነው፣ አንቺ ደውዪልኝ» ያለባት ድምፅ!

አሁን ወደ ሁለቱ ስልኮች ልመለስ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ኮድህ መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብ አንብቦ፣ «ይበቃል?» ብሎ ጠይቆ፣ ከዚያ የሚይዝ ከሆነ ገና አልዳንክም። ሁለቱ ስልኮች በአንድ ቅጽበት ቢመጡ ሁለቱም «10 ብር አለ» የሚለውን ያነባሉ፣ ሁለቱም ይይዛሉ። 10 ብሩ 20 ሆነ ማለት ነው። ማጣራቱና መያዙ አንድ ትእዛዝ መሆን አለባቸው። ለፖስትግሬስ «ነጻው ሂሳብ ከ10 ብር ካላነሰ፣ የተያዘው ላይ 10 ጨምር» ብለህ በአንድ ዓረፍተ ነገር እዘዘው። ስንት መስመር እንደተቀየረ ይነግርሃል። 1 ካለህ ፍቀድ፤ 0 ካለህ ከልክል። ፖስትግሬስ ያንን መስመር ራሱ ቆልፎ ያሰልፋቸዋል፣ አንተ ሌላ መቆለፊያ መፍጠር የለብህም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ኮታው፣ ማለትም በአንዴ የምትፈቅደው መጠን፣ ስንት ይሁን የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቀመር ሸምድዶ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል። ኮታውን 10 ሜጋ ብታደርገው፣ በ10 ሜጋቢት ፍጥነት በ8 ሰከንድ ያልቃል። ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ቢያወርድ ሰርቨርህ በሰከንድ 125 ጥያቄ ይመልሳል። ትልቅ ኦፕሬተር ጋ ቁጥሩ ምን እንደሚሆን አስበው። 1 ጊጋ ብታደርገው ደግሞ ሰርቨሩ ያርፋል፣ ግን 100 ብር የሞላ ሰው በአንድ ስልክ ሙሉ ሂሳቡ ይያዝበታል፤ ሁለተኛው ስልኩ «ሂሳብ የለህም» ይባላል። ሰውዬው ስክሪን ላይ 100 ብር እያየ! በቀን ስንት ጊዜ ይህን ዓይነት አቤቱታ እንደምንሰማ ብነግርህ አታምነኝም። «ብሬን በላው» ይላሉ። አልበላውም፤ ይዞታል። ለደንበኛ ግን ልዩነቱ አይታየውም፣ ሊታየውም አይገባም።

እኔ የምመርጠው የሚያጥር ኮታ ነው። ሂሳቡ ሞልቶ ሳለ በርከት ያለ ስጠው፤ እየቀነሰ ሲሄድ ኮታውም ይቀንስ። ለምሳሌ የነጻውን ሂሳብ ሩብ የሚያህል፣ ግን ከ200 ሜጋ ሳይበልጥ። ከ5 ሜጋ ሲያንስ የቀረውን ጠቅልለህ ስጥና የመጨረሻው መሆኑን ምልክት አድርግ። ረዳቱም እኮ 200 ብር ስትሰጠው እንጂ 20 ብር ስትሰጠው «ስትወርድ» አይልህም።

አንተ ጋ አንድ ገደብ አለ። ተራ ራዲየስ እንደ ዳያሜተር መሐል ላይ «ጨምርልኝ» የሚልበት ሥርዓት የለውም። መላው ይህ ነው። ሲገባ በምትሰጠው ፈቃድ ላይ የማይክሮቲክን የጠቅላላ ባይት ገደብ አብረህ ላክ። ገደቡ ሲሞላ ራውተሩ ራሱ ያስወጣዋል። በሆትስፖቱ ላይ ማክ ኩኪ (ራውተሩ ስልኩን እንዲያስታውስ የሚያደርገውን) ከከፈትክ ስልኩ ሳይጠይቅ ተመልሶ ይገባል፣ አዲስ ኮታም ይወስዳል። ቪዲዮው ለአፍታ ሊንተፋተፍ ይችላል። ስለዚህ ነው 10 ሜጋ ሳይሆን 200 ያልኩህ። ትልቁ ለውጥ ግን ቆጠራው ከሰርቨርህ ወደ ራውተሩ መሄዱ ነው። ራውተሩ ባይቱን በዓይኑ ያያል፤ አንተ 5 ደቂቃ ዘግይተህ በወሬ ነው የምትሰማው።

ወሬውም ሁለቴ ሊደርስህ ይችላል። ይህን በደንብ አውቀዋለሁ።

ከዓመታት በፊት በአንድ ድርጅት የኢንተርኔት ስልክ ሂሳብ እሠራ ነበር። አንድ ቀን የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ደብተር ይዘው መጡ። እያንዳንዱን ጥሪያቸውን ጽፈዋል፦ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ በእሳቸው ስሌት የሚመጣው ሂሳብ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ እኛ የወሰድነው በቀይ። ቀኑን ሙሉ ሰማያዊውና ቀዩ አንድ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ያሉ አንዳንድ ጥሪዎች ላይ ቀዩ ልክ እጥፍ ነው። «እኔ ኮምፒውተር አላውቅም፣» አሉ፣ «ግን ሲመሽ የምትሰክር ነገር አለች እዚህ ቤት።»

ልክ ነበሩ። 2 ሰዓት ላይ የዕለቱ ሪፖርት ይጀምራል፤ ዳታቤዙ ይንቀራፈፋል። የጥሪ ማብቂያ መልእክት ሲመጣ እኛ 5 ሰከንድ ቆይተን መልስ እንሰጣለን። ላኪው ግን በ3 ሰከንድ መልስ ካላገኘ ደግሞ ይልካል። ሁለቱንም ተቀብለን ሁለቱንም ቀነስን። የራዲየስ መልእክት መድረሱን በማያረጋግጠው በዩዲፒ ስለሚሄድ መድገሙ ስህተት አይደለም፤ ጤነኛ ባሕርይው ነው። ስህተቱ የእኛ ነበር። ይባስ ብሎ በመልእክቱ መለያ ቁጥር ልንለያቸው ሞክረን አልሆነም። ሲደገም የመዘግየት ጊዜው ስለሚቀየር ቁጥሩም ይቀየራል፤ ደንቡ ራሱ እንዲህ ነው የሚለው።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ራዲየስ የሚልክልህ ከሴሽኑ (ደንበኛው ከገባ እስኪወጣ ካለው ጊዜ) መጀመሪያ ጀምሮ ያለውን ድምር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሴሽን መጨረሻ ያየኸውን ድምር አስቀምጥ፣ ልዩነቱን ብቻ ቀንስ። መልእክቱ አሥር ጊዜ ቢደገም ልዩነቱ ዜሮ ነው። ዘግይቶ የመጣ አሮጌ መልእክት ደግሞ ከያዝከው ያነሰ ድምር ስለሚያሳይ እለፈው። ዳያሜተር እዚህ ላይ ይለያል፤ እሱ የሚልከው ካለፈው ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ የሴሽኑን መለያና የጥያቄውን ተራ ቁጥር አጣምሮ መመዝገብ ግድ ነው።

«ያነሰውን እለፈው» ስልህ ግን አንድ ወጥመድ አብሬ እየሰጠሁህ ነው። የራዲየስ የባይት ቆጣሪ 32 ቢት ነው። 4,294,967,296 ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ትርፉም «ጊጋወርድስ» በሚባል ሌላ መስክ ላይ ይቆጠራል። አንተ ያንን መስክ ካላነበብክ ቆጣሪው ወደ ኋላ የሄደ ይመስልሃል። በ10 ሜጋቢት ፍጥነት እዚያ ለመድረስ 57 ደቂቃ ይበቃል። ከ57 ደቂቃ በኋላ ኢንተርኔቱ በነጻ ነው ማለት ነው! ግቢው ውስጥ አንድ ተማሪ ይህን ካወቀ ደግሞ አለቀልህ።

መብራት ሲጠፋስ? ራውተሩ ተሰናብቶ አይጠፋም። ማብቂያ መልእክት አይመጣም፤ የተያዘው ብር እንደተያዘ ይቀራል። ስለዚህ ማንኛውም መያዣ የማለቂያ ሰዓት ይኑረው። ሰዓቱ ካለፈና ወሬ ከጠፋ፣ እስከ መጨረሻው ሪፖርት ድረስ ያለውን ቀንስና ሌላውን መልስ። ትንሽ ትከስራለህ። ክሰር፤ ያልተቆጠረ ነገር ማስከፈል አይቻልም። ራውተር ሲነሳ «አካውንቲንግ ኦን» የሚባል መልእክት በደንቡ ውስጥ አለ፤ ከደረሰህ የዚያን ራውተር አሮጌ ሴሽኖች በሙሉ ዝጋ።

ሰርቨርህ ራሱ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ደግሞ ዛሬውኑ ወስን። በዳያሜተር ላይ ኔትወርኩ 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ ከዚያ ወይ ይቆርጣል፣ ወይ ሌላ ሰርቨር ሞክሮ ይቆርጣል፣ ወይ «ቀጥል» ይላል። ምንም ካልተባለ መቁረጥ ነው። ይህ የኢንጂነር ጥያቄ ይመስላል እንጂ የባለቤቱ ነው፤ ደንበኛ ይቆጣ ወይስ ገንዘብ ይፍሰስ? ለ60 ክፍል እኔ ብሆን ቀጥል እላለሁ፣ ግን በገደብ፤ ለአንድ ስልክ 50 ሜጋ ብቻ። ገደብ የሌለው «ቀጥል» አደገኛ ነው። በመጋቢት 2016 ንግድ ባንክ የገጠመውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከሂሳብ በላይ ማውጣት እንደሚቻል ወሬው በአንድ ሌሊት ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ።

አልጠየቅከኝም እንጂ የጥቅል ነገር መምጣቱ አይቀርም። ዕለታዊ ጥቅል «እስከ እኩለ ሌሊት» ብለህ ሸጠህ ሰርቨርህ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው የዓለም ሰዓት (ዩቲሲ) ከሄደ፣ ጥቅሉ የሚዘጋው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። 3 ሰዓት በነጻ። በዩቲሲ መዝግብ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ዝጋ። ወርሃዊ ጥቅል ደግሞ «በወር» ሳይሆን «30 ቀን» በል። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 የተገዛ ጥቅምት 5 ያልቃል፣ ደስ ይላል። ጳጉሜ ስትመጣ ግን «ይህቺ ወር ናት ወይስ አይደለችም?» ብሎ የሚከራከር ተከራይ አይጠፋም።

ጥቅሉ ሲያልቅ ወደ ዋናው ሂሳብ ዝም ብለህ አታሻግር። ጥቅል ያለቀበት ሰው ሳያውቀው ከዋናው ሂሳቡ ሲቆረጥበት ነው «በላኝ» የሚለው፣ እውነቱንም ነው። አስቁምና ጠይቀው።

ብር በነጥብ ቁጥር አታስቀምጥ። ሙሉ ቁጥር ተጠቀም፣ ሳንቲምም አይበቃህም። አንድ ኪሎባይት በአንተ ዋጋ የሳንቲም አንድ መቶኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ብርን ለሚሊዮን ከፍለህ ቁጠር። ቀሪ ሂሳብ ላይ ዝም ብለህ አትሰርዝ፣ አትጻፍ። እያንዳንዱ መጨመርና መቀነስ የራሱ መስመር ይኑረው። የመርካቶው ነጋዴ ዓይነት ሰው ደብተር ይዞ ሲመጣ አንተም ደብተር ያስፈልግሃል።

ይህን ሁሉ ራስህ ትጻፈው ወይ? ለመማር ከሆነ ጻፈው። ለመሸጥ ከሆነ ሲጂሬትስን አይተህ ወስን። «ጎ» በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ክፍት ምንጭ የሆነ፣ ራዲየስም ዳያሜተርም የሚናገር ሲስተም ነው። አለማመዱ ከበድ ይላል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ያስለቅሳል። ኢንተርኔት መልሶ ለመሸጥ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ደግሞ ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጠይቅ፤ ግቢው ሁለት ሲሆን ሳይሆን አሁን።

ማይነስ የገቡት? 37ም 71ም ብሩን ተወው። እነሱ ያዩት ገጽ «ሂሳብ አለህ» ይል ነበር፤ ያላስቆምካቸው አንተ ነህ። ዜሮ አድርግላቸው። ግን ቁጥሩን ሰርዘህ ሳይሆን፣ 37 ብር የጨመርክበትን መስመር ከነምክንያቱ ጽፈህ። የመጀመሪያው የደብተርህ መስመር እሱ ይሁን።